የሞባይል ኮንትራታችሁ ሳያልቅ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? (እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ)

«ኮንትራቴ ገና አላለቀም፤ እንዴት ይጨምሩብኛል?»

ማርች በገባ ቁጥር የምጠየቀው ይኼንኑ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ልጆች ለማምጣት ትምህርት ቤት በር ላይ ስንቆም፣ አንዳንዴም በሌሊት በቫይበር። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ያንኑ መልእክት ያሳየኛል። «ከኤፕሪል ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያዎ ይህን ያህል ይሆናል» ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ልጻፈውና ተገላገሉ ብዬ ነው።

መመሪያው ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ በወር የሚከፈል የሞባይል ኮንትራት ላላቸው ነው። ሌላ አገር ያላችሁ ሕጉ ስለሚለያይ በዚህ አትሂዱ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጭማሪው ስትፈርሙ ኮንትራቱ ላይ ተጽፎ ከነበረ ካምፓኒው መጨመር ይችላል። በዚያ ምክንያት ብቻ ያለ ክፍያ ልቀቁኝ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ደውላችሁ ከመናደዳችሁ በፊት የትኛው በር ክፍት እንደሆነ እንይ።

የሚያስፈልጋችሁ

- የኮንትራት ማጠቃለያው። ከጁን 2022 ወዲህ የፈረመ ሰው ሁሉ ከመፈረሙ በፊት አጭር ማጠቃለያ ሊሰጠው ይገባል። ብዙ ጊዜ በኢሜል ነው የሚመጣው፤ የካምፓኒውን ስም ኢሜላችሁ ውስጥ ፈልጉ።
- የመጨረሻዎቹ ሁለት ቢሎች። አንድ ቢል ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱን ስታስተያዩ ነው የጨመረው የቱ እንደሆነ የሚታየው።
- ስለ ጭማሪው የላኩላችሁ መልእክት ወይም ኢሜል። አታጥፉት፤ ስክሪንሾት አንሱት። ቀኑ ወሳኝ ነው።
- ስልኩ፣ ያው ሲም እንደገባበት።
- የአካውንቱ ይለፍ ቃልና በማን ስም እንደሆነ። በልጃችሁ ወይም በባለቤታችሁ ስም ከሆነ እሱ ወይም እሷ አጠገባችሁ ይሁኑ። በሌላ ሰው አካውንት ላይ አያናግሯችሁም።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።

ከሁሉ በፊት፦ ዳይሬክት ዴቢቱን አታቋርጡ

አንዲት የሰፈራችን እናት ባለፈው ዓመት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ባንክ ሄጄ ዘጋሁት፤ ተገላገልኩ»። አልተገላገሉም። ከሦስት ወር በኋላ የዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ፖስታው ሳይከፈት ቦርሳቸው ውስጥ ታጥፎ ነበር።

ባንክ ላይ ክፍያ ማቋረጥ ኮንትራት ማቋረጥ አይደለም። ቢሉ ይቀጥላል፣ ያልተከፈለው ይጠራቀማል፣ ክሬዲት ፋይላችሁ (ዕዳ አከፋፈላችሁ የሚመዘገብበት መዝገብ) ላይም ይገባል። «ዲፎልት» (ዕዳውን አልከፈለም) ከተባለ 6 ዓመት እዚያው ይቀመጣል። ቤት ስትከራዩ ወይም ሞርጌጅ ስትጠይቁ ያን ጊዜ ይወጣል። በሁለት ፓውንድ ጭማሪ የተነሣ እዚህ ውስጥ አትግቡ።

1. የፈረማችሁበትን ቀን ፈልጉ

ለምን? ሕጉ በጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ስለተለወጠ ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚፈረሙ አዲስ ኮንትራቶች «የዋጋ ንረት ሲደመር ይህን ያህል ከመቶ» የሚለውን አሠራር ከልክሏል። ጭማሪ ካለ በፓውንድና በፔንስ፣ መቼ እንደሚጀምርም ጭምር፣ ከመፈረማችሁ በፊት በግልጽ መነገር አለበት።

ከዚያ በፊት ከፈረማችሁ የድሮው ስሌት ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ላይ የዲሴምበር የዋጋ ንረት ላይ 3.9 ከመቶ ይደመር ነበር። የዲሴምበር 2024 ንረት 2.5 ከመቶ ስለነበር በኤፕሪል 2025 ጭማሪው 6.4 ከመቶ ሆነ። 25 ፓውንድ የነበረው 26.60 ገባ ማለት ነው። ቢላችሁን በዚህ መንገድ አስሉትና ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። ቅናሽ ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ጭማሪው ከቅናሹ በፊት ባለው ዋጋ ላይ የሚሰላበት ኮንትራት አለ።

ማጠቃለያው ላይ የጭማሪውን አንቀጽ ስታገኙ ቁጥሩንና ወሩን ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ነው የሚቆመው።

2. የስልኩን ዋጋ ከኤርታይሙ ለዩ

ቢሉን ዘርጉት። አንዳንዱ ሁለት መስመር አለው፤ ለምሳሌ ስልክ 22 ፓውንድ፣ ኤርታይም 14 ፓውንድ። ስልኩ በብድር የተገዛ ዕቃ ነው፤ በየወሩ የምትከፍሉለት ገንዘብ አይጨምርም። የሚጨምረው ኤርታይሙ ነው፣ ማለትም ዳታው፣ ጥሪውና መልእክቱ። በነፃ መውጣት ብትችሉ እንኳ የስልኩ ቀሪ ዕዳ ይከተላችኋል። ሳያውቁ ወጥተው የ400 ፓውንድ ቢል ሲመጣባቸው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ።

ሌላው ዓይነት ቢል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ 45 ፓውንድ ይላል፣ አለቀ። ይሄኛው ላይ ትልቅ ወጥመድ አለ። 24 ወሩ ካለፈ በኋላ የስልኩን ዋጋ ከፍላችሁ ጨርሳችኋል፤ ቢሉ ግን ራሱ አይቀንስም። ያለቀ ስልክ በየወሩ እየከፈላችሁ ነው። እኔ ካየኋቸው ቢሎች ከጭማሪው ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ይሄ ነው።

3. ነፃዋን መልእክት ላኩ

ከዚያው ስልክ «ኢንፎ» የሚለውን ቃል በአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት (አይ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኦ) ጽፋችሁ ወደ 85075 ላኩ። ወዲያው መልስ ይመጣል። ኮንትራት ላይ መሆን አለመሆናችሁንና አሁን ብትወጡ የመውጫ ክፍያው ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል።

ይህን ከመደወል በፊት አድርጉት። ስትደውሉ የሚያናግራችሁ ሰው እንድትቆዩ ማሳመን ሥራው ነው። ቁጥሩን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ከሆነ ግን በጨዋታው እኩል ናችሁ። ይህች መልእክት ምንም አትሰርዝም፤ አትፍሯት።

4. በነፃ የሚያስወጣ በር አለ ወይ?

እነዚህን በቅደም ተከተል እዩ።

የኮንትራቱ ጊዜ ካለቀ ነፃ ናችሁ። ካምፓኒው ጊዜው ከማለቁ ከ10 እስከ 40 ቀን ቀደም ብሎ ጊዜው እያለቀ መሆኑን የሚያሳውቅ መልእክት መላክ አለበት። ብዙ ሰው የሽያጭ ማስታወቂያ መስሎት ያጠፋዋል። የድሮ መልእክቶቻችሁን ወደ ኋላ ሂዱና ፈልጉ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከገዛችሁ 14 ቀን ካልሞላ መሰረዝ ትችላላችሁ። የተጠቀማችሁበትን ግን ትከፍላላችሁ። ሱቅ ገብታችሁ ከፈረማችሁ ይህ መብት በሕግ የለም። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ቸኩላችሁ አትፈርሙ የምለው።

ሦስተኛው በር ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነው። ጭማሪው ኮንትራታችሁ ላይ ከሌለ፣ ወይም ከተጻፈው በላይ ከሆነ፣ ያ የውል ለውጥ ነው። ካምፓኒው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሊያሳውቃችሁና ያለ ክፍያ መውጣት እንደምትችሉ ሊነግራችሁ ግድ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። በኦክቶበር 2025 ኦቱ የተባለው የሞባይል ካምፓኒ ለደንበኞቹ በወር 1.80 ፓውንድ ብሎት የነበረውን የኤፕሪል 2026 ጭማሪ 2.50 እንደሚያደርገው አስታወቀ። ልዩነቱ 70 ፔንስ ብቻ ነው። ግን ከተስማሙበት በላይ ስለሆነ ደንበኞቹ በ30 ቀን ውስጥ ያለ መውጫ ክፍያ መሄድ ይችሉ ነበር። ቀኑ ካለፈ በሩ ይዘጋል። መልእክቱን አታጥፉ፣ ቀኑንም ስክሪንሾት አንሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ወደ ሒሳቡ እንሂድ።

5. አስሉት

ጭማሪውን በቀሩት ወሮች አባዙ። ከመውጫው ክፍያ ጋር አስተያዩ። ይኸው ነው።

ኤርታይማችሁ 20 ፓውንድ፣ ጭማሪው 2.50፣ የቀራችሁ 4 ወር ነው እንበል። ብትቆዩ የምታጡት 10 ፓውንድ ነው። ብትወጡ የመውጫ ክፍያው ብዙውን ጊዜ ለቀሩት ወሮች ከሚከፈለው ብዙም አይርቅም፤ 80 ባይሞላም ይጠጋል። በዚያ ላይ አዲሱን ካምፓኒ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ቆዩ። የማለቂያውን ቀን ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቡና ያን ዕለት ውጡ። ተናዶ መውጣት እዚህ ላይ ያስከፍላል።

የቀራችሁ ብዙ ወር ከሆነ፣ ወይም 3ኛው ቁጥር ላይ የመጣላችሁ የመውጫ ክፍያ ትንሽ ከሆነ፣ ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል። በግምት አትሥሩ፤ ወረቀቱ ላይ ይውጣ።

6. ደውሉ ወይም በቻት ጠይቁ

እኔ ቻት እመርጣለሁ። የተባለው ሁሉ ተጽፎ ይቀራል፤ እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰውም ረጋ ብሎ ማንበብ ይችላል። የምትደውሉ ከሆነ «መውጣት እፈልጋለሁ» በሉ። ያኔ ደንበኛ ለማቆየት ወደተመደቡት ሠራተኞች ያስተላልፏችኋል። ቅናሽ የመስጠት ሥልጣን ያላቸው እነሱ ናቸው።

የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው። ጭማሪውን በቅናሽ ታካክሱልኛላችሁ ወይ? ወደ አነስተኛ ጥቅል መውረድ እችላለሁ ወይ? ዳታችሁን ቢሉ ላይ እዩ፤ 100 ጊጋባይት እየከፈላችሁ 8 የምትጠቀሙ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው። ሦስተኛው፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም ሌላ ድጎማ የምታገኙ ከሆነ «ሶሻል ታሪፍ አላችሁ ወይ?» በሉ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የተዘጋጀ ርካሽ ጥቅል ነው። ሁሉም ካምፓኒ የለውም፤ ካላቸው ግን አንዳንዶቹ ኮንትራት መሀል ላይም ያለ መውጫ ክፍያ ያዘዋውሯችኋል። አትፈሩ፣ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

አሁን ማስጠንቀቂያ። «20 ከመቶ እንቀንስልዎታለን» ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። «ይህ አዲስ ኮንትራት ያስጀምራል? ስንት ወር?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ቅናሹ አዲስ 24 ወር ይዞ ነው የሚመጣው፤ አዲሱ ኮንትራት ደግሞ የራሱ የኤፕሪል ጭማሪ አለው። ማጠቃለያውን በኢሜል አስልካችሁ ሳታነቡ አትስማሙ። የሠራተኛውን ስም፣ ቀኑንና የተባለውን ዋጋ ጻፉ።

7. ለመውጣት ከወሰናችሁ

ቁጥራችሁን አትጣሉ። ባንካችሁ፣ ጂፒያችሁ፣ ቴሌግራማችሁ፣ አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻችሁ ሁሉ የሚያውቁት እሱን ነው።

ሀ. መጀመሪያ ኔትወርኩን አረጋግጡ። ርካሾቹ ካምፓኒዎች በትልልቆቹ ኔትወርክ ላይ ነው የሚሠሩት። ጊፍጋፍ በኦቱ፣ ስማርቲ በስሪ፣ ቮክሲና ሌባራ በቮዳፎን፣ ላይካ በኢኢ። ቤታችሁ ውስጥ ስሪ የማይሠራ ከሆነ ስማርቲም አይሠራም። ኦፍኮም ድረ ገጽ ላይ ፖስትኮድ አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ከዚያ የተሻለው ግን ያን ኔትወርክ የያዘ ጓደኛ ቤት ጋብዛችሁ ኩሽና ውስጥ ቆሞ እንዲደውል ማድረግ ነው።

ለ. ወደ አገር ቤት የምትደውሉ ከሆነ የ+251 ዋጋን እዩ። «ያልተገደበ ጥሪ» የሚለው እዚሁ አገር ውስጥ ላለው ነው። ለኢትዮጵያ በደቂቃ ስንት እንደሚያስከፍል ሳታዩ አትግዙ። የወር ወጪያችሁ ላይ ጣሪያ እንዲያደርጉላችሁም ጠይቁ፤ ካምፓኒዎቹ ይህን አማራጭ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

ሐ. አዲሱን ሲም ግዙ። የ30 ቀን ሲም ኦንሊ (ስልክ የሌለበት፣ ሲም ብቻ የሆነ ጥቅል) ብትጀምሩ ይሻላል፤ ዋጋ ቢጨምሩ በሚቀጥለው ወር ትወጣላችሁ።

መ. ሲሙ እጃችሁ ሲገባ ከድሮው ስልክ ፒ፣ ኤ፣ ሲ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ወደ 65075 ላኩ። «ፓክ ኮድ» የሚባል ቁጥር ይመጣላችኋል፤ የመውጫ ክፍያ ካለ አብሮ ይነገራችኋል። ኮዱ 30 ቀን ይቆያል። መጠየቁ ብቻ ምንም አይሰርዝም፤ ሐሳባችሁን ብትለውጡ ዝም ማለት በቂ ነው።

ሠ. ኮዱን ለአዲሱ ካምፓኒ ስጡ። በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ቁጥሩ ይዞራል። የድሮው ኮንትራት በዚያው ራሱ ይዘጋል፤ ደውላችሁ አትሰርዙ። ቀድማችሁ ከሰረዛችሁ ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል። የድሮው ሲም ኔትወርክ እስኪያጣ ድረስ ስልኩ ውስጥ ይቆይ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አትጀምሩ፤ ቅዳሜና እሑድ መሀል ትንጠለጠላላችሁ።

ረ. የመጨረሻው ቢል እስኪመጣና እስኪከፈል ዳይሬክት ዴቢቱን አትንኩ። ትርፍ ከከፈላችሁም የሚመለሰው በዚያው በኩል ነው።

ቁጥሩን መተው ከፈለጋችሁ ደግሞ ኤስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ሲ ወደ 75075 ነው። ሁለቱን እንዳታምታቱ። የድሮው ቁጥር ከጠፋ ማስመለሱ ከባድ ነው።

8. የተሳሳተ ነገር ካለ፦ አቤቱታ

ይህ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ጭማሪው ከተጻፈው በላይ ከሆነ፣ ስትፈርሙ ካልተነገራችሁ ወይም ከወጣችሁ በኋላ ቢል ከቀጠለ ግን አትተዉት።

በጽሑፍ አቤት በሉ፤ ኢሜል ወይም ቻት። «ይህ ቅሬታ አይደለም፣ ጥያቄ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ «ኮምፕሌይንት» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ፤ የመዝገብ ቁጥርም ጠይቁ። አጭር ይሁን። መቼ ፈረማችሁ፣ ምን ተጽፏል፣ ምን ተከፈለ፣ ምን እንዲደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ። አራት መስመር ይበቃል።

ቢበዛ 6 ሳምንት ጠብቁ (ከኤፕሪል 2026 በፊት 8 ሳምንት ነበር)። ካልተፈታ፣ ወይም ከዚያ በፊት «ከዚህ በላይ አንችልም» የሚል ደብዳቤ ከሰጧችሁ (ዴድሎክ ሌተር ይባላል)፣ ነፃ ወደሆነ ገላጋይ ትሄዳላችሁ። ሁለት አሉ፤ ኮሙኒኬሽንስ ኦምቡድስማንና ሲሳስ። ካምፓኒያችሁ የየትኛው አባል እንደሆነ ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል። ገላጋዩ የወሰነውን እናንተ ከተቀበላችሁ ካምፓኒው መፈጸም አለበት። ኦፍኮም ግን የአንድ ሰው ጉዳይ አይፈታም፤ እዚያ ጽፋችሁ መልስ ስትጠብቁ ጊዜ እንዳታባክኑ። ደብዳቤ መጻፍ ከከበዳችሁ ሲቲዝንስ አድቫይስ በነፃ ያግዛል።

የሚቀጥለውን ስትፈርሙ፦ ወሩን እዩ

ይህን ጥቂት ሰው ነው የሚያስተውለው። ዋጋው 20 ፓውንድ፣ ጭማሪው በየኤፕሪሉ 2.50 የሆነ የ24 ወር ኮንትራት እንውሰድ።

በሜይ ከጀመራችሁ 11 ወር በ20፣ 12 ወር በ22.50፣ አንድ ወር በ25 ትከፍላላችሁ። ድምሩ 515 ፓውንድ ነው።

በፌብሩዋሪ ከጀመራችሁ 2 ወር ብቻ በ20፣ 12 ወር በ22.50፣ 10 ወር በ25። ድምሩ 560።

አንድ ስልክ፣ አንድ ጥቅል፣ 45 ፓውንድ ልዩነት። ሱቁ መስታወት ላይ የተለጠፈው ዋጋ ለሁለቱም 20 ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን «24 ወሩን ጠቅላላ ስንት እከፍላለሁ?» በሉት። ጭማሪውን ጨምሮ ይንገራችሁ፤ ማስላት ካልፈለገ በራሳችሁ ስልክ ፊቱ አስሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- መልእክቱን ሳያነቡ ማጥፋት። የ30 ቀኑ በር የሚታወቀው ከእሱ ብቻ ነው።
- የስልኩን ዕዳ ረስቶ መውጣት።
- ፓክ ኮድ ከተጠየቀ በኋላ የሚመጣውን የማባበያ ጥሪ ተቀብሎ ሳያውቁ ሌላ 24 ወር መግባት።
- ኮንትራቱ ካለቀ በኋላ ዝም ብሎ መክፈል።
- አቤቱታን በስልክ ብቻ ማድረግ። ያልተጻፈ ነገር ገላጋዩ ፊት አይቆምም።
- በሰው ስም ኮንትራት ማውጣት። ባለቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ወይም ስትጣሉ ቁጥሩም፣ ዕዳውም፣ የመውጣት መብቱም በእሱ እጅ ነው። የክሬዲት ታሪክ ከሌላችሁ የ30 ቀን ሲም ኦንሊ በራሳችሁ ስም ይሻላል።